ዝም በሉ፣ ሥራ አስኪያጁ እየተረጋጉ ነው

የሰው ልጅ በሁለት እግሩ ከቆመበት ዘመን ጀምሮ እርምጃውን በከንቱ ሲያባክን መኖሩ የታወቀው፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሆቴል ውስጥ ከተሰጠ «በመራመድ የመረጋጋት» ሥልጠና በተመለሱበት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ የሚራመደው የሆነ ቦታ ለመድረስ ነበር። አቤት ድንቁርና!

ሥልጠናው ለቅንጦት አልነበረም። የደም ግፊታቸው ጣሪያ ነክቶ፣ ሐኪሙ መለኪያውን ከክንዳቸው እየፈታ፣ «ጋሼ፣ ወይ ንዴቱን ይተዉ፣ ወይ ወንበሩን» ብሏቸዋል። ወንበሩ ደግሞ የቆዳ ነው፤ ይሽከረከራል፤ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ለእናቱ ነው። ስለሆነም ንዴቱ ከኃላፊነቱ እንዲነሣ ተወሰነ።

ሠራተኛውን ሰብስበው ጥበቡን ገለጡ። «ተረከዝን ማንሳት! እግርን ማራመድ! ማሳረፍ! በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ሥራ ፈጽሞ አለማሰብ!»

«የመጨረሻዋን እንኳ ድሮም እናውቃታለን» አለ አንድ ቆጣሪ አንባቢ ከኋላ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሥራ አስኪያጁ ጫማቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከቢሯቸው በር እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር በካልሲ ይመላለሱ ጀመር። ለዚህ ታላቅ ዓላማ ሲባል ስልኩ ተነቀለ፤ የሚንኳኳ ጫማ ታገደ፤ ማሳል በፈቃድ ሆነ። ባለጉዳዩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቆመ።

ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ፋይላቸውን እንደታቀፉ ከግድግዳው ተላቀቁ።

«ልጄ፣ ቤቴ ውሃ ካየ ሰነበተ። መስመሩ እንዲቀጠል ያንተ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

ሥራ አስኪያጁ ያነሱት እግር አየር ላይ ቀረ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ።

«ዝም በሉ!» ብለው ሲያንባርቁ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። «እየተረጋጋሁ ነው!»

ጸሐፊዋ ሮጣ ደረሰች፤ በቀስታ ነው የሮጠችው፣ መሮጥ ተከልክሏልና።

«ጌታዬ፣ ፋይሎቹንስ ምን ላድርጋቸው?»

«ለምክትሉ ስጪው! ይፈርም! ይቅደድ! ብቻ እኔ ዘንድ አይድረስ!»

እሳቸው እያንዳንዱን ፋይል «እንደገና ይጠና» ብለው የመመለስ ጥልቅ ልማድ ነበራቸው። ምክትሉ ይህ ጥልቀት ያልታደለው ሰው ስለሆነ፣ አንብቦ ፈረመ። ማኅተሙ በሰንሰለት ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ጋር የታሰረ በመሆኑም፣ የግድ ወንበራቸው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ግድግዳው ሥር ሰው ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ባዶውን ኮሪደር አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አየሽ አይደል?» አሏት ጸሐፊዋን በሹክሹክታ። «ከእግሬ የሚወጣው ሰላም ከተማውን አዳረሰው። የሚጮህ የለ፣ የሚያመለክት የለ።»

«እውነትዎን ነው ጌታዬ። እርስዎ መራመድ ከጀመሩ ወዲህ ሁሉ ነገር ቀንቷል።»

ሴትዮዋ አልዋሸችም።

ይህን የመሰለ ጥበብ አንድ ኮሪደር ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር ብለው የበላይ ኃላፊዋን ለጉብኝት ጋበዙ። ኃላፊዋ መጡ። በካልሲ የሚንሳፈፉትን ሥራ አስኪያጅ አዩ፤ በተከፈተው በር በኩል ማኅተም የሚመታውን ምክትል አዩ፤ ምስጋና ለማቅረብ የመጡትን ሽማግሌም አገኟቸው።

«አባባ፣ ውሃው መጣ?»

«መጣ እንጂ! እኚህ ሰውዬ መራመድ በጀመሩ በማግሥቱ ነው የመጣው። እባክሽ ልጄ፣ እንዳታስቆሚያቸው።»

ኃላፊዋ እጅግ ተደነቁ። «እንዲህ ያለ ውጤት በሙከራ ደረጃ መቅረት የለበትም» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ሥራዎ ይኸው መራመድ ነው!»

ተጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁም እጅ ነሱ፤ ጎንበስ እንዳሉ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው።

«ቢሮዬስ?»

«ምን ያደርግልዎታል? ኮሪደሩ በሙሉ የእርስዎ ነው።»

ማንሳት የለ፣ ማሳረፍ የለ፤ በካልሲያቸው እየተንሸራተቱ ሮጠው በሩን በረገዱት።

«ተነሥ ከወንበሬ!»

ምክትሉ ከፋይሉ ቀና አላለም። ጸሐፊዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ መጣችና በሩን በቀስታ መለሰችባቸው።

«ዝም ይበሉ እንጂ ጌታዬ፤ እየሠራን ነው።»