ቅናት እንዳይመስላችሁ

ከሰው ሁሉ ቅናተኛው «እኔ እንኳ አልቀናም» የሚለው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አለ፤ በየቤተ ዘመዱ ደግሞ ሁለት አይጠፉም። የጎረቤቱን አዲስ ሶፋ አይቶ፣ «ቅናት እንዳይመስላችሁ እንጂ፣ ይሄ ወገብ ያሳምማል» ይላል። ገና ሳይቀመጥበት።

የእኛ ሰው የአንድ ሮክ ባንድ ድምፃዊ ነው። ጓደኞቹ «ክቡርነትዎ» ይሉታል፤ እሱም ቀልድ መሆኑን እያወቀ አቤት ይላል። ባንዱ የሚለማመደው ከጋራዥ ጀርባ፣ ግድግዳዋ በአሮጌ ፍራሽ በተሸፈነች ክፍል ነው። እዚያ ማይኩን ከእሱ በቀር የሚነካ የለም። ታናሽ ወንድሙ፣ ድራመሩ፣ አንዴ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ቢሞክርበት፣ ክቡርነቱ ማይኩን በመሐረብ ጠረገው።

ታዲያ አንድ ቀን የፊልም ዳይሬክተር መጣ። የፊልሙን ሙዚቃ በሙሉ ባንዱ እንዲሠራለት፣ በአልበምም እንዲወጣ ፈለገ። ክቡርነቱ ተደስቶ ሳይጨርስ ሰውየው ቀጠለ።

«ዘፈኖቹን ግን ተጋባዥ ድምፃውያን ናቸው የሚዘፍኗቸው።»

«ሁሉንም?»

«የመጨረሻውን ገና አልወሰንኩም።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የክቡርነቱ ነፍስ በመጨረሻው ዘፈን ላይ ተንጠለጠለች። ግጥሙም ዜማውም የእሱ ነው። በፊልሙ ማብቂያ፣ ከቤት ሊወጣ የነበረው አባት ሻንጣውን እንደያዘ በሩ ላይ ሲቆም የሚሰማው ይኸው ዘፈን ነው።

ተጋባዦቹ ወደ ቀረጻው ስቱዲዮ መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው ስሙ የገነነ ጎረምሳ ነበር፤ በጥቁር መነጽር ገባ፣ በጥቁር መነጽር ዘፈነ። «ቅናት እንዳይመስላችሁ እንጂ፣ የሚዘፍነው ጸጉሩ ነው» አለ ክቡርነቱ። ሁለተኛዋ ወጣት ሴት ነበረች። ክቡርነቱ በድምፅዋ ላይ እንከን ሲፈልግ ዋለና አጣ። በመጨረሻ፣ «ቅናት እንዳይመስላችሁ እንጂ፣ ያምራል። ሲበዛ ያምራል» አለ።

«ወንድምዬ፣ ፊትህ ሎሚ የመጠጠ መስሏል» አለው ድራመሩ።

«መብራቱ ነው።»

ሦስተኛዋ ተጋባዥ ሲገቡ ግን የተቀመጠው ሁሉ ተነሣ። ድሮ ድምፃቸው ከየቤቱ ሬዲዮ የማይጠፋ፣ ዛሬ በከዘራ የሚሄዱ እማማ ናቸው። ክቡርነቱ በልጅነቱ ማማሰያ እንደ ማይክ ጨብጦ እሳቸውን ሲያስመስል ጎረቤት አስለቅሷል። ዳይሬክተሩ የመጨረሻውን ዘፈን ለእሳቸው ሰጠ። ክቡርነቱ «መልካም» ብሎ ውሃ ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ የውሃው ጀሪካን ባዶ ነበር።

ችግሩ ወዲያው መጣ። በዘፈኑ ማብቂያ ላይ ጊታሩ ያቆመ እየመሰለ ደጋግሞ ይቀጥላል፤ የምሩን ሲያቆም የመጨረሻዋ ስንኝ ያለ ሙዚቃ፣ በባዶ ድምፅ ትዘፈናለች። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዘፈኑት የተጫዋቾቹን ፊት እያዩ ነው። አሁን ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ተደርጎ ብቻቸውን መስታወት ክፍል ውስጥ ቆመው፣ የቱ ማቆም የምሩ እንደሆነ ጠፋቸው። አንዴ ቀደሙ። ደግሞ ፈርተው ጨርሶ ሳይገቡ ቀሩ። በመጨረሻ ማዳመጫውን አወለቁት።

«ተዉት ልጆቼ፣ የእኔ ነገር አልፏል። ባለቤቱ ይዝፈነው።»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ አንተው ግባ።»

ድራመሩ ወንድሙን በዐይኑ ጠቀሰው። የተመኙት ሲሳይ በእግሩ ደጅ ድረስ ሲመጣ እንዲህ ነው። ክቡርነቱ ገባ። ማይኩን ግን አልነካም፤ ማዳመጫውን አንሥቶ መልሶ እሳቸው ጆሮ ላይ አደረገው።

«እማማ፣ ትከሻዎን ስነካዎት ይግቡ።»

«አንተስ? ዘፈኑ ያንተ አይደል እንዴ?»

«የእኔ ስለሆነማ ነው።»

ጊታሩ ቆመ፣ ቀጠለ፣ ቆመ፣ ቀጠለ። ከዚያ የምሩን ቆመ። ክቡርነቱ ግን ዐይኑን ጨፍኖ፣ እማማ አየር ሲስቡ እያዳመጠ፣ ያ ማማሰያ የጨበጠው ልጅ ሆኖ ቀርቷል። መንካቱን ረሳ። ባንኖ ትከሻቸውን ሲነካ ጊዜው አልፎ ነበር። እማማ ግን ገቡ፤ የገቡበትም አገባብ ማንንም «እንድገመው» አላሰኘ።

ፊልሙ ታየ። ጊታሩ ያቆማል፤ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ በጸጥታው መሃል የአባትየው ሻንጣ ወለሉን ሲነካ ይሰማል፤ ከዚያ የእማማ ድምፅ ብቻውን ይመጣል። ሰው እንባውን እየጠረገ ወጣ፤ ወሬውም ሁሉ ስለዚያች ዝምታ ሆነ።

«እማማ፣ ያቺን ዝምታ ከየት አመጧት?» አለ ዳይሬክተሩ።

«እኔ ምን አውቄ! ከዚህ ልጅ እጅ ነው ያገኘኋት።»

ዳይሬክተሩ ትሕትና መስሎት እጃቸውን ሳመ።

ክቡርነቱ በሩ አጠገብ ቆሞ ዐይኑን በእጅጌው ያሻል። ወንድሙ ከኋላ መጥቶ ትከሻውን ነካ አደረገው።

«በል ግባ፣ ክቡርነትዎ።»

«ቅናት እንዳይመስልህ እንጂ፣» አለ ክቡርነቱ አፍንጫውን ሳብ አድርጎ፣ «ዝምታዋ የእኔ ነበረች።»