በአጎቴ ፈንታ ማን ይመርመር?

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት
ቦታ፦ የእኛ ሳሎን። ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ ሙቀቱን ጉባኤው በአንድ ድምፅ ችሎታል።

የተገኙ፦
1. አባቴ፣ የቤተሰቡ ታላቅ፣ የመኪና መንዳት አስተማሪ፦ ሰብሳቢ
2. አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ፦ አባል። ጉዳዩን “ለማንም እንዳትነግሪ” ተብለው የሰሙት እርሳቸው ናቸው፤ ሁላችንም የተሰበሰብነው በዚሁ ምክንያት ነው።
3. የአክስቴ ባል፣ የኢንሹራንስ ሠራተኛ፦ አባል
4. እናቴ፦ በጋብቻ የገባች ስለሆነች ድምፅ የላትም። የአክስቴ ባልም በጋብቻ የገቡ ናቸው፤ እርሳቸው ግን ድምፅ አላቸው። ልዩነቱ ሲጠየቅ ሰብሳቢውን ሳል ይዟቸዋል።
5. አጎቴ፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ፀጉር አስተካካይ፦ ባለጉዳይ
6. እኔ፦ ጸሐፊ። የተመረጥኩት የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው። ጉዳዩን ለመስማት ግን ዕድሜዬ እንደማይፈቅድ ተነግሮኛል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ተሟልቷል። ባለጉዳዩ ሊወጣ ሲል አክስቴ በሩ ላይ ወንበር ስላስጠጉ።

አጀንዳ አንድ፦ ጉዳዩ ምን ተብሎ ይጠራ

ባለጉዳዩ እንዲያስረዳ ተጠየቀ። ከአንዲት ወዳጁ ጋር አድሮ እንደነበር፣ ኮንዶም እንደተጠቀመ፣ እንዳልተቀደደም፣ ሆኖም ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣ አስረዳ። ትናንት እያንቀላፋ የደንበኛ ጆሮ ጫፍ መቁረጡን፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤትም “አንድ ጊዜ ብትደግመው ወንበሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ” ማለቱን ጨመረ። ለክሊኒክ ደውሎ ነርሷን ሲጠይቅ “በትክክል ከተጠቀምክ ስጋቱ በጣም ትንሽ ነው፤ ጨርሶ የለም ግን አይባልም፣ በቆዳ ንክኪ የሚተላለፉም አሉ። ና፣ ደምና ሽንት ስጥ፤ መድገም ካስፈለገም መቼ እንደሆነ እንነግርሃለን” ብላዋለች። የሚፈልገው ሄዶ መመርመር ብቻ ነው።

“ኮንዶም” የሚለው ቃል ሲወጣ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መትተው “ልጅ አለች!” አሉ። ጸሐፊዋ ጆሮዋን እንድትደፍን ታዘዘች። ሳትሰማ ምን እንደምትጽፍ ጠየቀች። ቃሉን ትምህርት ቤት ከነሥዕሉ እንደተማረችውም አስታወሰች። ይህ አስተያየት ቃለ ጉባኤው ውስጥ እንዳይገባ ታዟል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ነገሩ “ዕቃው” እንዲባል፣ ጸሐፊዋም እንድትጽፈው እንጂ እንዳትሰማው ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ባለጉዳዩ ክሊኒክ ይሂድ ወይስ አይሂድ

አክስቴ የክሊኒኩን ካርድ ክፍል ሠራተኛ እንደሚያውቋት፣ አፏም ክዳን እንደሌለው ገለጹ። ባለጉዳዩ “እትዬ፣ ከአንቺ ይብሳል?” ሲል ጠየቀ። አክስቴ አለቀሱ። እንባቸው እስኪደርቅ ስብሰባው ሻይ ጠጣ።

የአክስቴ ባል፣ ዕቃውን ተጠቅሞ ደግሞ ልመርመር የሚል ሰው፣ መኪናውን ኢንሹራንስ አስገብቶ በየቀኑ “ተቃጥሏል ወይ?” እያለ እንደሚደውል ደንበኛ ነው አሉ። ባለጉዳዩ “መኪናው ይታይልኝ ነው ያልኩት እንጂ ካሳ አልጠየቅሁም” አለ። ሰብሳቢው በበኩላቸው ከሥራ ልምዳቸው በመነሣት፣ ሞተር ሲንኳኳ ሬዲዮውን ከፍ ማድረግ እንደሚሻል አስተማሩ።

እንዳይሄድ ተወሰነ።

አጀንዳ ሦስት፦ ብርጭቆ

አክስቴ የባለጉዳዩ ብርጭቆና ፎጣ እንዲለይ ሐሳብ አቀረቡ። እናቴ ይህ ነገር በብርጭቆ እንደማይተላለፍ ስትናገር፣ ድምፅ እንደሌላት ተነገራት። ባለጉዳዩ “ድምፅ ባይኖራት ጭንቅላት አላት” ማለቱ ከሥርዓት ውጪ ነው ተባለ። ብርጭቆው ላይ ቀይ ክር ታሰረ። ወዲያው ሰብሳቢው ተሳስተው በዚያው ብርጭቆ ጠጡ። አፋቸውን በጨው ውኃ ተጉመጥምጠው እስኪመለሱ ጉባኤው ተቋርጧል።

አጀንዳ አራት፦ በባለጉዳዩ ፈንታ ስለሚመረመር ሰው

ሰብሳቢው ሲመለሱ ጉዳዩ ሳይመረመር መቅረት እንደሌለበት አመኑ። በቤተሰባችን የታመመ ሰው ራሱ ሐኪም ዘንድ አይሄድም፤ ታላቅየው ሄዶ በሽታውን ይናገርለታል። የአጎቴን የጨጓራ መድኃኒት ያመጡት ሰብሳቢው የገዛ ሆዳቸውን ለፋርማሲስቱ አሳይተው ነበር። አሁንም “የአንድ እናት ልጆች ነን፣ ደማችን አንድ ነው። የእኔን ይዩት” አሉ።

ሐሳቡ በጭብጨባ ተደገፈ። ሽንቱን ማን ይስጥ የሚለው ግን አከራከረ። ሰብሳቢው ሁለቱንም መስጠት ጫና እንደሚሆንባቸው ገለጹ። አክስቴ ባላቸውን ጠቆሙ። ባላቸው የሥጋ ዘመድ አይደለሁም ሲሉ፣ ሰብሳቢው ደም በትውልድ፣ ሽንት ግን በጋብቻም እንደሚሠራ ማብራሪያ ሰጡ። ባለጉዳዩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተቀመጠ። ይህ እንደ ድጋፍ ድምፅ ተቆጥሯል።

በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

በዚህ ጊዜ እናቴ “መልካም። ክሊኒኩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። ሁለታችሁም አሁኑኑ ሂዱ፤ ውጤቱን እኔ እቀበላለሁ” አለች።

ሰብሳቢው “አሁን?” አሉ።

“አሁን። ለሥልጠና ብለህ ክፍለ ሀገር ሰንብተህ ከመጣህ ወዲህ ደክሞኛል ትል የለ? በዚያው ደምህ ይታይ።”

ሰብሳቢውን እንደገና ሳል ያዛቸው። ሳሉ እንዳይመዘገብ ጠየቁ። አክስቴ ወደ ባላቸው ዞረው “አንተን ደግሞ ምን አስላበህ?” አሉ። ባላቸው ሙቀቱ ነው አሉ። ቀጥለውም ሽንታቸው እንደመጣ ተናግረው ወጡ። አክስቴ “ታዲያ አታባክነው እንጂ፣ ለክሊኒኩ ያዘው” እያሉ፣ የበሩን ወንበር በእግራቸው ገፍተው ተከተሏቸው።

አጀንዳ አምስት፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው አስቸኳይ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። ሲያስቡት የሰው ደም የየራሱ መሆኑን፣ ሳይንስም ይህን እንደሚል ገለጹ። ከአጀንዳ አንድ እስከ አራት የተወሰነው ሁሉ፣ ብርጭቆውም ደሙም ሽንቱም፣ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ጠየቁ። ባለጉዳዩ ቀና ብሎ “ጋሼ፣ እንዳልሄድ የተባለውም ተሽሯል?” አለ።

“ሁሉም አልኩ እኮ! ጻፊ፣ ሁሉም!”

ሁሉም ተሽሯል።

አጎቴ ጃኬቱን ለበሰ። እናቴ ቦርሳዋን አንሥታ “ብቻህን አትሄድም” አለችው። ወደ ሰብሳቢውም ዞር ብላ “የአንተንም ወረፋ እይዝልሃለሁ” ብላ ወጣች።

ስብሰባው በአሥር ሰዓት ተበትኗል። ሰብሳቢው ግን ከመቀመጫቸው አልተነሡም።