«ሁሉም ይሰማ» ያልኩበት አምፕሊፋየር

ዛሬ በገዛ እጄ ራሴን ላጋልጥ ነው። ሥራ ያለው ሥራውን ጨርሶ ይመለስ፣ የቀራችሁ ተጠጉ።

ጠዋት አንድ ሰው የሙዚቃ ሰዎች በሚሰባሰቡበት ግሩፕ ላይ «ለቤዝ ጊታር ኃይለኛ አምፕሊፋየር ልገዛ ነው፣ የቱን ትመክሩኛላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ወዲያው ኮሜንቱ ዋት በዋት ሆነ። አንዱ ሦስት መቶ ይላል፣ አንዱ አምስት መቶ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ጠብ ያለበት ይመስለኛል፣ ሺህ አለ።

እኔ «ትንሹን ግዛ ወንድሜ፣ ትንሹ ምስጢር ይጠብቃል» ብዬ ጻፍኩ።

ሳቁብኝ። «አባባ፣ ይሄ የእናንተ ዘመን ሬዲዮ አይደለም» ያለኝም አለ።

አባባ? እኔ?

እንግዲህ እናንተው አስገደዳችሁኝ። በመጥፎ አምፕሊፋየር የተዋረደ ሙዚቀኛ በያገሩ ሞልቷል። በጥሩ አምፕሊፋየር የተዋረደ ግን ከፍጥረተ ዓለም ጀምሮ እኔ ብቻ ነኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ከተማው ሆሳዕና። ቀን ቀን የግብርና መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ፣ ከሥራ መልስ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ቤዝ ጊታሪስት ነኝ። ፀጉሬ አፍሮ፣ አፍሮዬ በር ሲገባ ጎንበስ የሚያሰኝ። ዛሬ ፎቶዬን ያያችሁ ሰዎች፣ አዎ፣ ፀጉር ነበረኝ።

ቤዙን የመረጥኩት በሂሳብ ነው። መሣሪያዎቹ ሲመጡ ሊድ ጊታሩን ኤርሲዶ ወሰደ። ኤርሲዶ የጊምቢቹ ልጅ ነው፣ ጓደኛዬ ነው፣ እጁ የተባረከ ነው። ለእኔ የቀረው ባለ አራት ክሩ ነበር። ስድስት ክር የሚከብድ ከሆነ አራት ይቀላል ብዬ አሰብኩ።

ያን ጊዜ የነበረችን አንዲት አምፕሊፋየር ብቻ ነች፣ የከተማው ሬዲዮ ጠጋኝ ከሞቱ ሬዲዮዎች አጥንት ሰብስቦ የሠራት። ማይክሮፎኑም፣ ሊዱም፣ ቤዙም እሷው ላይ ይሰካሉ። ሦስት ሰው በአንድ ጃንጥላ ማለት ነው፣ ሁልጊዜ የሚረጥበው እኔ። የእኔ ድምፅ ሲወጣ ከሦስት ቤት ወዲያ በር የሚያንኳኳ እንግዳ ይመስል ነበር።

ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሰምቶኝ አያውቅም።

ዋናውን ልንገራችሁ? እኔም ራሴን ሰምቼው አላውቅም።

ታዲያ ጎበዝ መሆኔን በምን አወቅኩ? በአንገቴ። ዓይኔን ጨፈን፣ ከንፈሬን ነከስ፣ አንገቴን ወዝወዝ። ሰው ከትርኢቱ ሲወጣ «ቤዙን ሲመታው አያችሁ?» ይላል። አያችሁ ነው የሚለው፣ ልብ በሉልኝ። ሰማችሁ ያለ የለም።

አሁን ወደ ሙሉነሽ እንምጣ።

ሙሉነሽ ድምፃዊታችን ነበረች። የዱራሜ ልጅ፣ ሆሳዕና መምህርት። ላገባት ቆርጫለሁ፣ እሷም እንቢ አላለችም። «አባቴ እሺ ካለ» ነው ያለችው። በዚያው ሰሞን የአውራጃው የኪነት ውድድር ዱራሜ ላይ እንደሚሆን ተነገረን። አባቷ ሊመጡ ነው።

«ሊያዩኝ ከሆነ ችግር የለም» አልኳት አንገቴን ተማምኜ።

«አባቴ አያይም፣ ይሰማል።»

«ምን ማለት ነው?»

«በወጣትነቱ በመዝሙር ቡድን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ ይይዝ ነበር። በአራት ድምፅ ነበር የሚዘምሩት። አሁን ቤተ ክርስቲያናቸው ቢዘጋም በሬውን ሲያርስ እንኳ ወፍራሙን ነው የሚያንጎራጉረው። ቤዝ ይመታል ብዬ ስነግረው በጣም ደስ አለው። ሊሰማህ ነው የሚመጣው።»

ጤነኛ ሰው ይሄን ሲሰማ ምን ያደርጋል? ይለማመዳል።

እኔ ስብሰባ አስጠራሁ።

የቡድናችን ሰብሳቢ ጓድ በላቸው ይባላሉ፣ ከጎንደር መጥተው ሆሳዕና የከረሙ የቀድሞ የፖስታ ቤት ሰው። ተነስቼ ስለ ወፍራም ድምፅ አስፈላጊነት እስኪበቃኝ ተናገርኩ፣ ራሴም አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ጓድ በላቸው ጠረጴዛውን መቱ። «የሰፊው ሕዝብ ቤዝ በሹክሹክታ አይመታም» አሉ። አዲስ አምፕሊፋየር እንዲገዛ ጸደቀ።

ሦስት ሆነን አዲስ አበባ ሄድን፤ ጓድ በላቸው፣ ኤርሲዶና እኔ። ፒያሳ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ገባን። ሻጩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ ናቸው።

«የምትጫወቱት አዳራሽ ነው ሜዳ?»

«ለሰፊው ሕዝብ ነው» አሉ ጓድ በላቸው።

«ስንት ሰው ይሆናል?»

«ሰፊ ነው አልኩዎት እኮ።»

ሽማግሌው ተስፋ ቆርጠው ወደ እኔ ዞሩ። ቤዝ ከሊድ የበለጠ ዋት እንደሚበላ ነገሩኝ። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር ስለሚገፋ ስፒከሩም ሰፊ መሆን እንዳለበት፣ ዋቱ በዝቶ ስፒከሩ ካነሰ ድምፁ እንደሚሰነጠቅ አስረዱኝ። እኔ አንገቴን ወዘወዝኩ። በዚያ በኩል ልምድ አለኝ።

ሦስት አሳዩን። አንዱ የሻንጣ ያህላል። አንዱ የኮመዲኖ ያህላል። ሦስተኛው በበሩ እንዴት እንደገባ እንጃ፤ መጀመሪያ እሱን አስቀምጠው ሕንፃውን በዙሪያው የሠሩት ይመስለኛል።

«ሞክረው» አሉና ቤዙን ትልቁ ላይ ሰኩልኝ።

የላይኛዋን፣ ወፍራሟን ክር፣ በግራ እጄ ምንም ሳልጫን ሳብ አድርጌ ለቀቅኳት።

ዱምምምምም።

የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። መደርደሪያ ላይ የነበረ አንድ ክራር በራሱ ጊዜ መለሰልኝ። ውጭ የሚያልፍ ሰውዬ ቆሞ ሰማዩን አየ።

ሳይጫኗት የተመታች ክር ልትሳሳት አትችልም፣ ከተቃኘች ተቃኘች ነው። ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ችሎታዬ መሰለኝ።

«ይሄ ነው» አልኩ።

ኤርሲዶ እጅጌዬን ጎተተኝ። «ስማ፣ መካከለኛው ይበቃናል።»

«ለምን?»

«ይሄ ትልቁ ሁሉንም ነው የሚያሰማው።»

«ሁሉም ይሰማ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሁሉንም ነው የምልህ።»

«እኔስ ምን አልኩ? ሁሉም ይሰማ።»

ኤርሲዶ ለአንድ አፍታ ፊቴን አየኝ። ሊነግረኝ ፈልጎ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ግን እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለጓደኛ እንዴት ይነግሩታል? እጅጌዬን ለቀቀ።

አምፕሊፋየሩ በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ተጫነ። ቡታጅራ ስንደርስ አውቶቡሱ ከእሱ ክብደት የተነሳ ያቃስት ነበር። ሆሳዕና ሲወርድ ግማሹ ከተማ ወጥቶ አየው። «ቀበሌው ፍሪጅ ገዛ» ተባለ። አንዲት እናት ቅቤ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ፣ አይቻልም ስላቸው «ታዲያ ይሄን ሁሉ ምን አስለፋችሁ?» አሉኝ።

አሁን ትሉኛላችሁ፣ ከውድድሩ በፊት ተለማመድክበት አይደል?

ጓድ በላቸውን አታውቋቸውም።

«ለውድድር የተገዛ ንብረት ከውድድሩ በፊት አይበላም» አሉና በላስቲክ ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው፣ እንደ አደራ ደብዳቤ በቀይ ሰም አተሙበት። የድምፁን ቁልፍ ደግሞ እስከ መጨረሻው አዙረው በፕላስተር ለጠፉት። ሙሉ ኃይሉ ሥራ ላይ እንዲውል በቃለ ጉባኤ ገብቷል። ከቃለ ጉባኤ በታች መጫወት አይቻልም።

የውድድሩ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የዱራሜ ትምህርት ቤት ሜዳ። ከዳምቦያም ከሺንሺቾም ሕዝብ መጥቷል። ጄኔሬተሩ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ይንደቀደቃል። ጓድ በላቸው በሥነ ሥርዓት ሰሙን ሰበሩ።

የሙሉነሽ አባት አቶ ላምቦሬ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እውነትም ሊሰሙ ነው የመጡት።

ኤርሲዶ መግቢያውን መታ። ሙሉነሽ ማይክሮፎኑን ያዘች። እኔ ዓይኔን ጨፈን፣ ከንፈሬን ነከስ አድርጌ የመጀመሪያውን ኖታ መታሁ።

ዱምምምም። የክፍሎቹ ቆርቆሮ ጣራ ጮኸ። ሕዝቡ «ውይ» አለ። ገነት ገባሁ።

ሁለተኛውን መታሁ።

እንዴት ብዬ ልግለጽላችሁ? ሁለተኛው ኖታ ከዘፈኑ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋርም አይተዋወቅም። ቡድኑ ዱራሜ ይጫወታል፣ እኔ ጅማ ነኝ። አንድ በሬ ገመዱን በጥሶ ሄደ፣ እሱን ፍለጋ የወጡት ሰዎች ወላይታ ላይ ነው ያገኙት ይባላል።

መጀመሪያ «ማነው እሱ?» ብዬ ተናደድኩ። ማለቴ ማን ነው እንዲህ የሚያበላሸው ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

ከዚያ ጣቴን አየሁት።

ሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄ ነበር ከእጄ የሚወጣው።

ሙሉነሽ እየዘፈነች ዞር አለችና አምፕሊፋየሩን አየች። ቀጥላ እኔን አየች። አንድ ስንኝ ዘለለች። አቶ ላምቦሬ ዓይናቸውን ገለጡ። ጨፍነው የመጡ ሰው ገለጡ፣ ይታያችሁ።

ድምፁን እንዳልቀንስ ፕላስተር አለ። መምታቱን እንዳላቆም፣ ያን ያህል ድምፅ በድንገት ቢጠፋ ሕዝቡ ሰው የሞተ ይመስለዋል። ደጄ የደረሰችውን ሚስት በሰባት ኖታ አባረርኳት አልኩ በልቤ።

ያኔ ኤርሲዶ ጊታሩን እየመታ፣ እየደነሰ የመጣ አስመስሎ ጆሮዬ ሥር ደረሰ።

«የላይኛዋን ብቻ» አለኝ።

«ምን?»

«የላይኛዋን ክር። ግራ እጅህን ኪስህ ክተት። ሌላ ብትነካ እገልሃለሁ።»

ግራ እጄን ኪሴ ከተትኩ። እሱ ለሙሉነሽ በግንባሩ ምልክት ሰጣትና የዘፈኑን ቅኝት አዙሮ እኔ ክር ላይ አመጣው። እኔ ወደ ዘፈኑ መሄድ ሲያቅተኝ ዘፈኑ ወደ እኔ መጣ። ጓደኛ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ዱም። ዱም። ዱም። ዱም።

አንዲት ኖታ። አንድ ሙሉ ዘፈን። ቀጥሎም ሁለተኛው ዘፈን፣ ሦስተኛውም።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ከኋላ ያሉት ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ከደረታቸው ወፍራሙን ድምፅ እያወጡ መሬት ይረግጡ ጀመር፣ ልክ በእኔው ኖታ ላይ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሜዳው በሙሉ ዘለለ። አቧራው ጓድ በላቸውን ዋጣቸው። ከአቧራው ውስጥ «ሰፊ ነው አላልኩም?» ሲሉ ይሰማኝ ነበር።

ስንተኛ ወጣችሁ አትበሉኝ። ጓድ በላቸው ሪፖርታቸው ላይ «ድምፃችን ተሰምቷል» ብለው ጽፈዋል።

ሲያበቃ አቶ ላምቦሬ አስጠሩኝ። ሙሉነሽ አጠገባቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ስትስቅ ነው።

«ያንን ትልቁን የምትመታው አንተ ነህ?»

«አዎ አባባ።»

«መጀመሪያ ላይ ብዙ ነገር አልክ።»

«አዎ አባባ።»

«አንዱም ልክ አልነበረም።»

«አዎ አባባ።»

«ኋላ አንዲት ብቻ ያዝክ።»

«እሷን ብቻ ነው የማውቃት፣ አባባ።» ለምን እውነቱን እንደተናገርኩ አላውቅም። ከዚያ አምፕሊፋየር በኋላ የመዋሸት ፋይዳ አልታየኝም።

ባርኔጣቸውን አጠለቁ። አስበው አስበው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሙዚቃ አይችልም» አሏት። «ነገር ግን ሦስት ዘፈን ሙሉ አንድ ቃል ላይ ጸንቶ ቆመ። እንዲህ ያለው ባል ይሆናል። ሽማግሌ ይላክ።»

ተላከ። ተጋባን። ቤዙን ላወቀበት ሰው አስረከብኩ።

ይኸው ስንት ዘመናችን። ቤት ውስጥ የምመታት ኖታ ዛሬም አንዲት ናት፣ «እሺ» ትባላለች። ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። እስቲ ከእናንተ መካከል ሁለተኛ ኖታ የደፈረ ባል ካለ፣ ከየት ሆኖ እንደሚያነበኝና ማታ የት እንዳደረ ይጻፍልን።