ድንጋዩ የማን ነው?

ይቅርታን ከሚያስተምር ሰው ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? እግዜር ያውጣችሁ!

እኛ አገር፣ ቆሰበር ላይ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር አሉ። ስለ ንስሐ ሲያስተምሩ እንኳን ሰው ግድግዳው ያለቅሳል። የወንድማቸውን የእርሻ ወሰን ገፍተው ማረሳቸውን፣ ከዚያም ማኩረፋቸውን ግን አገር ያውቃል።

አንድ እሑድ፣ "የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከበደለው ሰው እግር ላይ ይወድቃል" ብለው አስተማሩ። ልጆች ደግሞ የሰሙትን ያምናሉ፤ ክፉ አመላቸው ይህ ነው። በሳምንቱ ልጄ ድንጋይ ተሸክማ ፊታቸው ቆመች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የእርስዎ ነው፣ መምህር። ወንድምዎ ቤት ድረስ ላግዝዎት ብዬ ነው።"

የዚያን ዕለት ትምህርት ስለ ንስሐ መሆኑ ቀርቶ ስለ መታዘዝ ሆነ። እኔ ላይም ሽማግሌ ተላከ፤ ስድ ልጅ አሳድገሃል ተባልኩ። ምን ይደረግ? ልጄ ያንኑ ድንጋይ ተሸክማ መምህሩ እግር ላይ ወደቀች። እሳቸውም "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ፤ ሽማግሌዎቹም መረቁ።

ስንመለስ፣ "አባባ፣ ድንጋዩ ግን የማን ነው?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ጥያቄ መጠየቅ ተወች። መምህሩ ባገኙኝ ቁጥር፣ "አሁን ገና ተማረች" ይሉኛል።