ቁማር የሚጠላው ሊቀመንበር

ቁማርን አምርሮ የሚጠላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ በደርግ ጊዜ የብቸና ገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነበር። አንድ ቀን እኔንና ባልንጀሮቼን በሽምብራ ቆሎ ካርታ ስንጫወት ያዘንና፣ እንኳን ካርታውን ቆሎውንም በኤግዚቢትነት ወሰደው። (ቆሎው ፍርድ ሸንጎ ሳይደርስ ተበልቷል።)

ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ለትምህርት ቤት ጣሪያ ገንዘብ አጠረውና ያው ሊቀመንበር ቶምቦላ ይሸጥ ጀመር።

"ይኼስ ቁማር አይደለም?" አልነው።

"የግለሰብ ሲሆን ቁማር ነው፤ የመንግሥት ሲሆን ልማት ነው!" አለን።

ዕጣው በሬ ነበር። በሬውን የሸጠላቸው ጎረቤቴ አያ ታረቀኝ ነው፤ ከአንዲት ላም በቀር ያለው ከብት እሱ ብቻ፣ የሚያርሰውም ከአማቹ በሬ ጋር አቀናጅቶ። ታዲያ በሽያጩ ብር ምን ቢያደርግበት ጥሩ ነው? እንዳለ ቶምቦላ ገዛበት!

"በሬዬ እኔን ትቶ ለማን ይወጣል? ድምፄን እንኳ ያውቀዋል" አለን።

በሬው የወጣው ግን ሞጣ ለተመደበ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቲኬቱ ከደመወዙ ተቆርጦ ለተገዛለት መምህር ነው። መምህሩ በሬ በየት በኩል እንደሚያዝ ስለማያውቅ፣ አያ ታረቀኝን ቀጥሮ እስከ ሞጣ አስነዳው።

ሲመለስ ሊቀመንበሩ ሊያጽናናው ቤቱ ድረስ መጣ።

"አይዞህ ጓድ፣ በሚቀጥለው ዙር ይደርስሃል። ለመሆኑ ላሟ እንዴት ናት?"

አያ ታረቀኝ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሚስቱ ቀደመችው።

"ላሟ እንኳ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ እንደ እርስዎ ናት፤ ቁማር አትወድም" ብላ በሩን ዘጋችበት።