ባዶ እግሯን የቀረች የሣር መኪና

እኛ ሰዎች ስንተያይ ከላይ ነው የምንጀምረው። መጀመሪያ ባርኔጣውን፣ ቀጥሎ ፊቱን፣ ከዚያ የኮቱን ቁልፍ እናያለን፤ እግሩ ዘንድ ከመድረሳችን በፊት ስለ ሰውየው የምናስበውን ሁሉ አስበን ጨርሰናል። እስቲ ዛሬ ጠዋት ሰላም ያላችሁት ሰው ምን ተጫምቶ ነበር? አታስታውሱትም። አይክፋችሁ፣ እኔም አላስታውስም ነበር። እግር ማየት ያስለመደችኝ አንዲት የሣር መኪና ናት።

ጊዜው ያ ክፉ ድርቅ ወሎን የመታበት ነው። እኔ መርሳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለ የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ንብረት ጠባቂ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት፣ ዛሬ ማንንም አይጠቅምም። ኃላፊያችን የሚኖሩት ደሴ ሲሆን ወደ እኛ ብቅ የሚሉት እንግዳ ሲኖራቸው ብቻ ነበር። ታዲያ የግቢያችን ኩራት መሐሉ ላይ የተዘረጋው ሣር ነው። ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ምድሩ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ያ ሣር ከግቢው ጉድጓድ ጠዋት ማታ ውሃ ይጠጣ ነበር። ሰው ያላገኘውን ማለቴ ነው።

ለዚህ ሣር የተገዛች ማጨጃ መኪና ነበረችን። መኪና ስላችሁ ሞተር እንዳታስቡ። ሁለት ጎማ፣ በመሐላቸው የተጠማዘዙ ቢላዎች፣ ከኋላ የእንጨት እጀታ፣ በቃ። ሰው ሲገፋት ጎማዎቹ ይዞራሉ፣ ጎማዎቹ ቢላዎቹን ያዞራሉ፣ ቢላዎቹም ሣሩን ይቆርጣሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጎማው መሬቱን ነክሶ ሲይዝ ነው። የእኛዪቱ ጎማ ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆኖ ስለነበር፣ ሲገፏት ሣሩ ላይ እየተንሸራተተች ትደባብሰዋለች እንጂ አትቆርጠውም። ሥራ የሚሠራ መስሎ የማይሠራ ሰው አይታችሁ ከሆነ እሷን አይታችኋል።

አዲስ ጎማ ከውጭ ታዘዘ፤ እሱ እስኪመጣ ሣሩን በማጭድ የሚያጭዱ ሰው ተቀጠሩ፤ አያ ሞላ ይባላሉ። ከጉባ ላፍቶ ደጋ የወረዱ ገበሬ ናቸው። እህላቸው ሲጠፋ ሚስታቸውን ለዘመድ አደራ ሰጥተው፣ ዳልቻ የሚባለውን አንድ በሬያቸውን እየነዱ መርሳ ገቡ። የሚከፈላቸው ገንዘብ ለእሳቸው ቁራሽ መግዣ ነበር፤ ዋናው ደመወዛቸው ግን ሣሩ ነው። በማጭድ የታጨደ ሣር ረጅም ስለሆነ በነዶ ታስሮ ለዳልቻ ይቀርባል። ደጋ የቀረው ጎረቤታቸው ወርቄም አንድ በሬ ነበረው። የሁለቱን በሬዎች አቀናጅተው በአንድ ቀንበር፣ አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን ማሳ ሲያርሱ ነው ዕድሜያቸውን የኖሩት።

«ዝናብ እስኪጥል ዳልቻን ላቆየው እንጂ ሌላው ቀላል ነው» ይሉኝ ነበር አያ ሞላ። «እሱ ካለ እኔ ገበሬ ነኝ። እሱ ከሌለ ግን ማጭድ የያዘ ለማኝ ነኝ።»

አንድ ቀን ኃላፊው ከደሴ መጡ። ትልቅ እንግዳ በዚያ መንገድ ሊያልፍ፣ ግቢያችን ገብቶም ሊያርፍ ነው። ሣሩን ሲያዩት ተቆጡ።

«ምንድን ነው ይሄ? ዓይኑ የማያይ ፀጉር አስተካካይ የቆረጠው ራስ አስመሰላችሁት! መኪናዪቱን አሠራ። እንግዳው በመስኮት ሲመለከት ልምላሜ ማየት አለበት።»

ነገሩ ገባኝ። እንግዳው ያንን ሣር አይቶ አገሩ ደህና ነው ብሎ እንዲመለስ ነው። አንድ ግቢ ሣር አውራጃ ሊሸፍን ታሰበ፣ ሥራው ለሣሩ ይከብደዋል ያለ ግን አልነበረም።

መኪናዪቱን በጭነት መኪና ጭኜ ወልድያ ወሰድኳት። መለዋወጫ ሻጮቹ አንዱ ወደ ሌላው እየመራ ከተማውን አዞሩኝ፤ እንዲህ ያለ ጎማ አይቶ የሚያውቅ አልተገኘም። በመጨረሻ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ እየቆረጠ በረባሶ የሚሠራው ጋሽ ካሣ ዘንድ ደረስኩ። ገለባብጦ አያት።

«ወንድሜ፣ ይቺ የምትፈልገው ጫማ ነው» አለ። «ቁጥሯን ብቻ ንገረኝ።»

ከጎማ ረጅም ጠፍር ቆርጦ፣ ዳርና ዳሩን በስቶ፣ ልሙጡ ጎማ ላይ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረው። አንዱን እንደጨረሰ እንሞክራት ብሎ ገፋት። የታሰረለት ጎማ መሬቱን ሲነክስ ልሙጡ ይንሸራተታል፤ መኪናዪቱ አቧራው ላይ አንድ ቦታ ክብ እየሠራች ዞረች። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ሁለተኛውን ሲያስርላት ጊዜ ቀጥ ብላ ሄደች።

ኃላፊው ኮታቸውን እንደለበሱ ራሳቸው ገፍተው ሞከሯት። ቢላዎቹ ጭርር ሲሉ ፊታቸው በራ። የሚቆረጠው ሣር እንደ ብናኝ የደቀቀ ስለሆነ በሬ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር አልነበረውም። እሳቸው ግን ይህን ከየት ያውቁታል? ከመሄዳቸው በፊት «እንግዲህ ለዚህ ንብረት ጠባቂው ይበቃል» ብለው አያ ሞላን አሰናበቷቸው። ጎማ ተገኘ፣ ሰው ተረፈ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወርቄ ከደጋ ወረደ። በሬው ሞቶበታል፤ ቀንበሩንም ለማገዶ ሰጥቶ ነው የመጣው። ሁለቱ ሰዎች ወደ ደሴና ከዚያም ወዲያ ሥራ ፍለጋ ለመሄድ ተስማሙ። አያ ሞላ ግን መጀመሪያ ዳልቻን እየሳቡ እኔ ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ ዳልቻን አደራ ላስቀምጥህ ነው።»

«አያ ሞላ፣ ለምን አይሸጡትም?»

«ዛሬ በሬ የሚገዛው ለሥጋ ነው። አርሶ ያበላኝን ለቢላ አልሰጥም። ዝናብ ሲጥል መጥቼ እወስደዋለሁ፣ እስከዚያ ከዚህ ሌላ ሣር ያለበት አገር አላውቅም።» ቀጥለው ግድግዳ ተደግፋ የቆመችውን መኪና አዩ። «የዚህችን ጫማ ግን ስጠኝ፤ አስፋልቱ እግር ይፈጃል።»

«ማጨጃዋስ በምን ትሄዳለች?»

«ዳልቻ ያጭድልሃል። እሱ ጎማ አያልቅበትም።»

ሽቦውን ራሴ ፈታሁላቸው። እያንዳንዱን ጠፍር ለሁለት ቆርጠው ጎን ለጎን ሰፉት፣ የአንዱ ጎማ ለአንድ እግር በቃ። የሽቦው ቀዳዳ ግን ዙሪያውን እንደተደረደረ ቀረ። አያ ሞላ የዳልቻን ግንባር በመዳፋቸው አሻሽተው፣ ከወርቄ ጋር በአስፋልቱ ወደ ደቡብ ሄዱ። መታጠፊያው ላይ እስኪሰወሩ ድረስ ዞር አላሉም፤ ዞር ቢሉ እንደማይሄዱ ያወቁ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ግቢያችንን ያጨደው ዳልቻ ነው። ችካሉን ቦታ ቦታ እየቀየርኩለት ሣሩን ለስልሶ እስኪታይ ይግጠው ነበር፤ እበቱን ማፈስ የእኔ ፋንታ ሆነ። እንግዳው የመጣ ዕለት ከመጋዘኑ ጀርባ ደበቅኩት። እንግዳው በመስኮት አይቶ ሣሩን አደነቀ፣ ኃላፊው ከውጭ በመጣ መኪና እንደሚታጨድ አስረዱ። ይህን ጊዜ ዳልቻ ከኋላ እምቧ አለ። ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠርገው «የጎረቤት ነው» አሉ። ከአጥሩ ማዶ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከየደጋው የወረደው ሕዝብ ተቀምጧል፣ የተኛም አለ። አጥሩ ከፍ ያለ ስለነበር ከመስኮቱ አይታይም።

ዝናቡ መጣ። የሄደው ሰው በጥቂት በጥቂቱ ይመለስ ጀመር፤ እኔም በር ላይ እየቆምኩ የማየው እግር እግራቸውን ሆነ። ረሃብ ፊትን ይለውጣል፣ አያ ሞላን ፊታቸውን አይቼ ሳላውቃቸው እንዳልቀር ፈራሁ። ጫማቸውን ግን የትም አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዙሪያው የተበሳሳ በረባሶ ወደ በራችን ሲመጣ አየሁ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ወርቄ ነው።

ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀና ጎን ለጎን አስቀመጠው።

«ውጫሌን አልፈን፣ ሐይቅ ሳንደርስ» አለ። «‹ጫማውን አንተ ጨርሰው፣ ዳልቻን ሂድና እየው› አሉኝ።»

አለቀስኩ። ወርቄ አላለቀሰም፣ ዓይኑ ሥር የቀረ እንባ አልነበረውም።

«ዝናቡ ጥሏል፣ ሊወስዱት የነበረው አሁን ነው፤ ውሰደው» አልኩት።

«አንድ በሬ ይዤ ምን አደርጋለሁ?»

ወልድያ ላይ አቧራው ላይ የዞረችው መኪና ፊቴ ድቅን አለች። ወርቄ ራሱ ተነስቶ ዳልቻን ፈታው። ደጋ አንድ በሬ የተረፈው ሰው ምናልባት አይጠፋም አለ። በረባሶውን መልሶ ተጫማ፤ ዳገቱን ያዙት፣ እሱ ከፊት፣ በሬው ከኋላ።

ለመኪናዪቱ ታዞ የነበረው ጎማ ከውጭ የመጣው ዘመኑ ተለውጦ ኃላፊው ከወንበራቸው ከተነሱ በኋላ ነው። በወረቀት ተጠቅልሎ በጥንዱ መጣ፣ ጥርሱ እጅ ይቧጥጣል። ገጠምኩላትና ገፋኋት፣ ቀጥ ብላ ሄደች። ዳልቻ መጨረሻ ታስሮበት የነበረው ቦታ ላይ ሣሩ እስከ ሥሩ ተግጦ ዳግም ሳይበቅል መሬቱ ክብ ሆኖ እንደተራቆተ ቀርቷል። እዚያ ስትደርስ የምትቆርጠው ነገር የላትም፤ ጎማዋ ግን በደንብ ይዞራል።