ከበሮዬን ያየ አለ?

ትናንት ሌሊት መርዕድ በሕልሙ መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሸጥ አደረ። አዎ፣ የሚሸጠው ዕቃ ራሱ ነው!

ቆይ ግን፣ ምን እያሰጋው እንደተኛ ልንገራችሁ። መርዕድ ኮተቤ በተከራያት ክፍል ውስጥ ዘፈን ሚክስ የሚያደርግ፣ ድምፅና መሣሪያውን የሚያመጣጥን ሰው ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ የሚሠራው ከሠርግ አዳራሽ በተረፉ ግዙፍ ስፒከሮች ነበር። እነዚያ ጉዶች ዘፈኑ ውስጥ የሌለ ቤዝ፣ ያንን ወፍራም ድምፅ፣ እየፈጠሩ ያጓራሉ፤ አከራዩ እትዬ አምሳለ ግድግዳውን ይደበድባሉ፤ እሱም ቤዙ የበዛ እየመሰለው ይቀንሳል። ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ከበሮው የለም! የዘፋኟን የዙሪያሽን ሁለት ዘፈኖች እንዲህ አድርጎ ገደለባት። ዙሪያሽ ደግሞ ዘፈኗን በማለዳ ሚኒባስ ውስጥ አስከፍታ ሳትሰማ አለቀ አትልም።

«መርዕድዬ፣ እወድሃለሁ» አለችው፤ «ግን አሁንም ከበሮዬ ከጠፋ የቀረውን አልበም ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ምን ያድርግ? መርካቶ ወርዶ ያገለገለ የስቱዲዮ ሞኒተር፣ ድምፁን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያሰማ ስፒከር፣ መፈለግ ጀመረ። ሻጩ ሸምሱ ትልልቆቹን ከፍቶ «ደረትህን አልመታህም?» አለው። መታው እንጂ። ነገር ግን በቃሉ የሚያውቀውን ዘፈን ሲያስከፍት የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ሁሉ ተደበላልቆ አንድ ጉርምርምታ ሆነበት። ጥግ ላይ ጎናቸው የተጫጫረ ሁለት ትንንሽ ሞኒተሮች ነበሩ። በእነሱ ሲሰማ ግን እያንዳንዱ ምት ለብቻው ተለይቶ መጣ፤ ጠንካራው ጠንካራ፣ ለስላሳው ለስላሳ። «ወላሂ ትጸጸታለህ፣ እነዚህ የሕፃን ናቸው» አለ ሸምሱ። መርዕድ ግን ገዛቸው። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ቀጣዩን ዘፈኗን ለዙሪያሽ ላከ። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ጋደም ሲል «ወይኔ፣ ቤዝ የሌላቸው ገዝቼ ቢሆንስ?» የሚል ፍርሃት አብሮት ተኛ።

በሕልሙ እንግዲህ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሰዎች ናቸው። የመርዕድ አንገት ላይ «ያገለገለ፤ ጆሮው ደህና፤ ትንሽ ይፈራል» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። ስፒከሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው እየገቡ ሰው ያማርጣሉ። ገዢ ዋጋ ይጨምራል፣ ሸምሱ «ኧረ በዛ፣ ቀንሱልኝ!» እያለ ያለቅሳል።

አንድ ቁም ሣጥን የሚያህል ስፒከር ገብቶ የመርዕድን ደረት በጣቱ መታ መታ አደረገና «ይሄ አያጓራም» ብሎ ጥሎት ሄደ። ቀጥሎ ሁለት የተጫጫሩ ትንንሾች ገቡ።

«እስቲ ከበሮውን በአፍህ ምታልን» አሉት።

«ዱዱዱም!» አለ፣ ለመሸጥ ቸኩሎ።

«ዋሸህ። ጨመርክ።»

«ድ…» አለ ቀስ ብሎ።

«አሁን ደግሞ ሰረቅክ። ለምን?»

«ፈርቼ ነው።»

«ማንን?»

«እትዬ አምሳለን።»

ተያይተው ሳቁ። «እንግዲህ ያለውን ብቻ በል!» መርዕድ ዓይኑን ጨፍኖ ያለውን ብቻ አለ። «እንወስደዋለን» አሉና በጋዜጣ ጠቅልለው ተሸክመውት ወጡ።

ቤት ሲደርሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። እትዬ አምሳለ ፖሊስ አስከትለው ከተፍ አሉ። «ልጄ፣ ምነው ዝም አልክ? ሰፈሩ እኮ እንቅልፍ አጣ!» አሉ። ፖሊሱ «ጸጥታ አብዝተሃል» ብሎ ሊከሰው ሲል ክፍሉ ሚኒባስ ሆነ፤ ጉዞ ተጀመረ።

ተሳፋሪዎቹ ይነዳሉ፤ ሾፌሩ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ አለ!» እያለ ይለምናል፤ የሚሰማው የለም። ዙሪያሽ በእጅና በእግሯ እየዳኸች ወንበር ሥር ትፈልጋለች።

«ከበሮዬን ያየ አለ? እናንተ፣ ከበሮዬን!»

መርዕድ አየው። ከበሮው ትንኝ አክሎ፣ ጠፍሩና ማንገቻው ሳይጎድል፣ መስኮቱ አጠገብ እየበረረ ነበር። አንድ ወፍራም ሰውዬም አይተውት ኖሮ ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ሊያፈርጡት አነጣጠሩ። መርዕድ ሊሮጥ ቢል በጋዜጣ ተጠቅልሏል።

«አታጨብጭቡ!» ብሎ ጮኾ ከአልጋው ብድግ አለ።

ነግቷል። ስልኩ ትራሱ ሥር ይጮሃል። አነሳው፤ ጭብጨባ ነው የሰማው።

«አታጨብጭቡ!» አለ አሁንም፣ በእንቅልፍ ልቡ።

«ምን ነካህ አንተ?» አለች ዙሪያሽ እየሳቀች። «እስቲ ከቻልክ መጥተህ አስቁማቸው! ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሾፌሩ ደጋግሞ እየከፈተው ነው። እኔም መውረጃዬን አልፌያለሁ። እስቲ ስማ፣ ከበሮዬን ስማ!»

ሰማ። ከበሮው ልክ እሱ ያስቀመጠው ቦታ ላይ ነበር፣ አልበዛም፣ አላነሰም። ታክሲው ሙሉ ሰው ምቱን ተከትሎ ያጨበጭባል።

«የቀሩትንስ መቼ ትጀምራለህ?» አለችው።

እፎይ! መርዕድ አልጋው ላይ ዘጭ ብሎ ሳቀ። ትንንሾቹን ሞኒተሮች እንደ ሕፃን ልጅ አናታቸውን ዳበሳቸው።

በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። እትዬ አምሳለ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ቆመዋል።

«እትዬ! ማን ሞተ?»

አፈጠጡበት። «አንተ ነሃ! ትናንት ቀኑን ሙሉ ግድግዳዬ ሳይነቃነቅ ዋለ። ይሄ ልጅ አንድ ነገር ሆኖ ነው ብዬ ለዕድሩ ልናገር እየወጣሁ፣ ለማንኛውም ላንኳኳ ብዬ ነው።»

«ደህና ነኝ እኮ እትዬ፣ ስፒከር ቀይሬ ነው!»

«ታዲያ አትናገርም?» አሉና ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተመለሱ። «አልቅሼልህ ነበር እኮ፣ የማትረባ!»